«ተጠንቀቅ» ማለት ብቻ አያድንም

አንድ የቀን ሠራተኛ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ ወይም አካሉ ሲጎድል በቅድሚያ የሚነሡትን ጥያቄዎች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ሄልሜት አድርጎ ነበር ወይ?»፣ «ቀበቶ ታጥቆ ነበር ወይ?»፣ «ማን እዚያ ውጣ አለው?» የሚሉት ናቸው። ሦስቱም ጥያቄዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በወደቀው ሰው ላይ ነው። መወጣጫው በምን እንደታሰረ፣ የሶሌታው ጠርዝ ለምን ክፍት እንደተተወ፣ ሥራው በስንት ቀን እንዲያልቅ ውል እንደተገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መጨረሻ ላይ «ራሱ ነው፤ አልተጠነቀቀም» ተብሎ ይደመደማል። ለቤተሰቡ ጥቂት ብር ይዋጣል። በማግስቱም በዚያው መወጣጫ ላይ ሌላ ድሃ ይወጣል።

ጉዳዩ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ በሽታና አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ያህሉ ሥራቸው ባመጣባቸው በሽታ፣ 330 ሺህ ያህሉ ደግሞ በሥራ ላይ በሚደርስ አደጋ ሕይወታቸውን የሚያጡ ናቸው። ሌሎች 395 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ በሥራ ላይ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ግንባታም ከግብርና፣ ከደንና ዓሣ ማስገር እንዲሁም ከማኑፋክቸሪንግ ጋር እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዘርፎች አንዱ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞቻችን ዓይናችንን ወደ የትኛውም አቅጣጫ ብናዞር የምናየው የሚገነባ ሕንፃ በመሆኑ ይህ አሐዝ የጎረቤቶቻችንና የወንድሞቻችን ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ነጥብ አንድ ነው። ሠራተኛው ጥንቃቄን እንዲለምድ የሚፈልግ አሠሪ በቅድሚያ አደጋውን ከሥራው ቦታ ማንሣት፣ ቀጥሎም ሠራተኛው ያየውን አደጋ ያለ ፍርሃት እንዲናገር ማድረግ አለበት። ምክርና ማስጠንቀቂያ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ምክሩ ጥፋትን ከአሠሪው ጫንቃ ወደ ሠራተኛው ጫንቃ ማሸጋገሪያ ሆኖ ይቀራል።

ጥፋተኛውን የመረጠው ማን ነው?

ሠራተኛውን የመውቀስ ልማድ በሀገራችን ብቻ የሚታይ አይደለም። ኸርበርት ሃይንሪክ የተባለ የአሜሪካው ትራቭለርስ ኢንሹራንስ ኩባንያ ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ 75 ሺህ ያህል የአደጋ ሰነዶችን መርምሮ ከ100 አደጋዎች 88ቱ የሚደርሱት በሰዎች ጥንቃቄ የጎደለው ድርጊት፣ 10ሩ በሥራ ቦታው አደገኛ ሁኔታ፣ 2ቱ ደግሞ ሊከለከሉ በማይችሉ ምክንያቶች ነው አለ። ይህች «88 በመቶ» የምትባል ቁጥር ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት በዓለም ዙሪያ በየሥልጠናው ስትደጋገም ኖራለች።

ለመሆኑ እነዚያን ሰነዶች የጻፋቸው ማን ነበር? አብዛኞቹ የተገኙት ከፋብሪካ ባለቤቶች መዝገብ ሲሆን፣ አደጋው እንዴት እንደደረሰ የሞሉትም በአመዛኙ አሠሪዎችና አለቆች ነበሩ። አለቃ ስለ በታቹ አደጋ ሲጽፍ «እኔ ያቆምኩት መሰላል የበሰበሰ ነበር» ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቀው አንባቢ ይፍረደው። በዚያ ላይ ሃይንሪክ ለእያንዳንዱ አደጋ የመደበለት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። በኋላ የመጡ የሙያው ሊቃውንት በዚህ አሠራር ላይ ብርቱ ትችት ያቀረቡትም አደጋ በአንድ ምክንያት እንደማይደርስ በማስረዳት ነው። አንድ ሰው ከሦስተኛ ፎቅ ሲወድቅ እግሩ መንሸራተቱ እውነት ነው። ጠርዙ መከለያ እንዳልነበረው፣ ሳንቃው በዝናብ እንደራሰ፣ ሰውዬው ከንጋት ጀምሮ ያለ እረፍት ሲሠራ እንደዋለም እንዲሁ እውነት ነው። ከአራቱ እውነቶች መካከል አንዱን ብቻ መዝግቦ መዝገቡን መዝጋት ፍትሕ አይሆንም።

ሠራተኛው ለምን አቋራጭ ይመርጣል?

ይህን ስል ግን ሠራተኛው ምንም ኃላፊነት የለበትም ማለቴ አይደለም። ቀበቶ ተሰጥቶት የማይታጠቅ፣ ሄልሜቱን ሚስማር መያዣ የሚያደርግ፣ በተንጠለጠለ ዕቃ ሥር የሚያልፍ ሠራተኛ ሞልቷል። ነገር ግን «ለምን?» ብለን እስካልጠየቅን ድረስ ልናርመው አንችልም።

በሥራዬ ምክንያት የግንባታ ቦታዎችን ተዘዋውሬ በተመለከትኩበት ወቅት ካነጋገርኳቸው ሠራተኞች አንዱ ለሳኝ ነበር። የደህንነት ቀበቶውን በወገቡ ታጥቋል፤ ገመዱ ግን ከኋላው ተንጠልጥሏል። ለምን እንደማያስረው ብጠይቀው «ወንድሜ፣ እስቲ የት ላይ ልሰረው?» አለኝ። ዞር ብዬ ብመለከት በእርግጥም የሰው ክብደት ሊሸከም የሚችል ማሰሪያ በአካባቢው አልነበረም። በሚስማር የተያያዘው የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንኳን የሚወድቅን ሰው ሊያቆም ቀርቶ በነፋስም ይንቀሳቀስ ነበር። ቀበቶው የተገዛው ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዲታይ እንጂ ሰው እንዲያድን ታስቦ አለመሆኑን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት የአከፋፈሉ ሁኔታ ነው። ለሳኙ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው። ገመዱን ለመፍታት፣ ቦታ ለመቀየርና መልሶ ለማሰር የሚያጠፋው ጊዜ ከልጆቹ ዳቦ ላይ የሚቀነስ ነው። በቁርጥ ዋጋ እያሠሩ «አትቸኩል» ማለት እግርን አስሮ «ሩጥ» ከማለት አይለይም።

ሦስተኛው ምክንያት የሰው ልጅ ከልማድ የሚማርበት መንገድ ነው። አቋራጭ ጥቅሙን ወዲያውኑ ይሰጣል፦ ሥራው ይፈጥናል፣ ድካም ይቀንሳል፣ ፎርማኑም ደስ ይለዋል። ጉዳቱ ግን ሩቅና አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው። በማይረባ ሳንቃ ላይ ሺህ ጊዜ ተራምዶ ምንም ያልሆነ ሰው ሳንቃው አስተማማኝ እንደሆነ ከልቡ ያምናል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ከዚህ የሺህ ቀን ትምህርት ጋር ተፎካክሮ ሊያሸንፍ አይችልም።

አራተኛውና ምናልባትም ዋነኛው ምክንያት የአለቃው ፊት ነው። ከገጠር መጥቶ ሥራ ከጀመረ ሦስት ቀን ያልሞላው ወጣት ሕግ አያውቅም፤ የሚያውቀው የካቦውንና የፎርማኑን ፊት ነው። ፎርማኑ ራሱ ያለ ሄልሜት የሚዞር ከሆነ፣ ስለ ደህንነት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ስለ ፍጥነት ግን በቀን ሃያ ጊዜ የሚናገር ከሆነ ወጣቱ የትኛውን እንደሚሰማ ግልጽ ነው።

አደጋን ከምንጩ ማድረቅ

የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች አደጋን የመቆጣጠሪያ መንገዶችን በአምስት ደረጃ ያስቀምጧቸዋል። የመጀመሪያው አደጋውን ፈጽሞ ማስወገድ ነው። ለምሳሌ ፌሮውን ከፍታ ላይ ቆሞ ከማሰር መሬት ላይ አስሮ በማንሻ ማውጣት ከተቻለ የሚወድቅ ሰው አይኖርም። ሁለተኛው አደገኛውን ነገር አነስተኛ አደጋ ባለው መተካት ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቤንዚን ፓምፕ ማስነሣት ሽታ የሌለው ገዳይ ጭስ ስለሚያከማች ውኃ ውስጥ እንዲሠራ በተዘጋጀ የኤሌትሪክ ፓምፕ መጠቀም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሦስተኛው ሰውንና አደጋውን የሚለይ ነገር መሥራት ነው፦ በሶሌታው ጠርዝ ላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ መከለያ፣ በአሳንሰር ጉድጓድ አፍ ላይ የማይነቃነቅ ክዳን፣ በመጋዙ ላይ መሸፈኛ። አራተኛው የሥራውን ሥርዓት ማስተካከል ነው፤ ሥልጠና፣ የሥራ ሰዓት፣ የእረፍት ጊዜና የአሠራር ደንብ እዚህ ይገባሉ። አምስተኛውና የመጨረሻው ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ቀበቶ ናቸው።

ልብ ይሏል፦ በብዙ የሥራ ቦታዎቻችን ስለ ደህንነት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ይህ አምስተኛው ነው። ብዙውን ጊዜ ብቸኛውም እርሱ ነው። ሄልሜት ከላይ የሚወድቅ ብሎኬት እንዳይገድል ይረዳልና አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም። ከአራተኛ ፎቅ ለሚወድቅ ሰው ግን የሚያደርግለት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው መጀመሪያውኑ እንዳይወድቅ የሚከለክለው መከለያ ነበር። ከላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ሠራተኛው ቢደክም፣ ሐሳቡ ቢበተን፣ አዲስ ቢሆን እንኳን ሊጠብቁት ይችላሉ። የታችኞቹ ሁለቱ ግን እያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ቀን ሳይሳሳት እንዲውል ይጠይቃሉ። ሳይሳሳት የሚውል ሰው ደግሞ የለም።

ይህን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ በሀገራችን የተለመዱ ሁለት አደጋዎችን ልጥቀስ።

አንደኛው የአፈር መደርመስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ይህም የአንድ አነስተኛ መኪና ክብደት ነው። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ከአፈር በላይ ቢሆንም እንኳን ሳንባውን መንፋት አቅቶት ሊሞት ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ወጥ በሆነ አለት ውስጥ ካልተቆፈረ በስተቀር ግድግዳው በድጋፍ እንዲያዝ ወይም ወደ ውጭ ተዳፍኖ እንዲቆፈር ያዝዛል። የተቆፈረው አፈርም ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲከመር ይጠይቃል። በክረምት ወራት በራሰ መሬት ላይ ለመሠረት የሚቆፈሩ ጉድጓዶቻችንን ያየ ሰው አፈሩ በቆፋሪው አናት ላይ ተከምሮ፣ ድጋፍም መውጫ መሰላልም ሳይኖር ሥራው ሲቀጥል ይመለከታል። ለመሆኑ እዚያ ያለው ቆፋሪ «ተጠንቀቅ» ቢባል የሚያደርገው ምንድን ነው? አፈሩን በእጁ ሊደግፍ ነውን?

ሁለተኛው የሽንት ቤት ጉድጓድና የተዘጋ ታንከር ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ሽታው የጠፋ መስሎት ይዘናጋል፤ ወዲያውም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ከላይ ያለው ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፤ እርሱም ይወድቃል። ሦስተኛውም ይከተላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በተዘጉ ቦታዎች ከሚሞቱት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ሰዎች መሆናቸውን ገልጿል። እዚህ ላይ የሚገድለው የሰው ልጅ መልካም ባሕርይ ነው። ለወንድሙ ሲል የሚዘልን ሰው «ግዴለሽ» ብሎ የሚጠራ አይኖርም። እነዚህን ሰዎች ሊያድን የሚችለው ማንም ከመግባቱ በፊት አየሩ በመሣሪያ እንዲለካና ንጹሕ አየር እንዲገባ ማድረግ፣ የሚገባውም ሰው ከላይ ሆነው ሊስቡት በሚችሉበት ገመድ እንዲታሰርና ከላይ የሚጠብቀው ሰው በምንም ምክንያት እንዳይገባ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ያዩትን ለመናገር አለመቻል

አደጋን ከምንጩ ለማድረቅ በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። ከማንም በፊት የሚያውቀው ደግሞ እላዩ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ነው። ሳንቃው የት ላይ እንደሚያረገርግ፣ የኤሌትሪክ ገመዱ የት እንደተላጠ መሐንዲሱ ሳያውቅ እርሱ ያውቀዋል። ጥያቄው የሚናገርበት መንገድ አለው ወይ የሚለው ነው።

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ በሳቫር የነበረው ባለ ስምንት ፎቅ ራና ፕላዛ ሕንፃ ለዚህ አሳዛኝ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 በሕንፃው ላይ ስንጥቅ ታየ። በታች ያሉት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። በላይኞቹ ፎቆች የነበሩት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሠራተኞች ግን በማግስቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ብዙዎቹ ለመግባት ፈርተው ነበር፤ ካልገቡ ደመወዛቸውን እንደሚያጡ ስለተነገራቸው ገቡ። በዚያው ጠዋት ሕንፃው ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ፤ 2,500 ያህል ሰዎችም ቆሰሉ። ከሟቾቹ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሠራተኞች አደጋውን አይተዋል፣ ተናግረዋልም። የጎደላቸው ጥንቃቄ አልነበረም፤ «አልገባም» ብለው እንጀራቸውን ሳያጡ የሚቀሩበት መብት ነበር።

ከአደጋው በኋላ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ታላላቅ የልብስ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ የእሳትና የሕንፃ ደህንነት ስምምነት ተፈራረሙ። ከ1,500 የሚበልጡ ፋብሪካዎች በገለልተኛ ባለሙያዎች ተመረመሩ፤ የሠራተኞች የደህንነት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ አደገኛ ነው ብሎ ያመነበትን ሥራ እምቢ የማለት መብትም በስምምነቱ ታወቀ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከማለቁ በፊት ቢሆን ምንኛ በተሻለ ነበር!

በተቃራኒው ለ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የተካሄደው የኦሎምፒክ ፓርክ ግንባታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የተሰማሩበት ሲሆን ያለ አንድም የሞት አደጋ ተጠናቋል። የለንደን ግንበኛ ከአዲስ አበባው ግንበኛ የተለየ ፍጡር ሆኖ አይደለም። እዚያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየጠዋቱ የዕለቱ ሥራና የዕለቱ አደጋ በአጭሩ ይነገር ነበር። ለጥቂት የታለፈ አደጋ እንዲመዘገብ ሠራተኛው ይበረታታ ነበር። ኃላፊነቱም ገና ከንድፉ ጀምሮ ከላይ ባሉት አለቆች ላይ የተጣለ ነበር።

«ቀደር ነው» የሚለው መልስ

በሥራ ቦታ አደጋ ሲደርስ በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። እርሱም «ምን ይደረግ? የአላህ ቀደር ነው» የሚለው ነው። ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ ሆኖ ሲነገር ትክክልና የእምነታችን አካል ነው። ችግሩ መከለያ ሳይሠራ የቀረው ኮንትራክተር ይህንኑ ቃል ለራሱ መከላከያ ሲያደርገው ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካትን ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳዘዙት በቲርሚዚ ተዘግቦ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ስፍራ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሠራዊቱን ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ይሆን ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። የዑመርም መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ የሚገልጽ ነበር። መከለያ መሥራት፣ መሰላሉን ማሰር፣ ጉድጓዱን መደገፍ ሁሉም ግመሏን እንደማሰር ናቸው። ያላሰረ ሰው «ቀደር» የሚለውን ቃል ለማሳበቢያ ሊጠቀምበት አይገባም።

ሕጋችን ምን ይላል?

በሕግ ረገድ ክፍተት አለ ለማለት አይቻልም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አደጋዎችን እንዲመዘግብ ያስገድደዋል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ እንዲጠቀምና አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። በአንቀጽ 32 መሠረትም ለደህንነቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሕጉ አስቀድሞ አሠሪውን፣ ቀጥሎ ሠራተኛውን ነው ያዘዘው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነትም መንፈሱ ይኸው ነው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስቀምጦታል። የሚቀረው በየሥራው ቦታ መተርጎሙ ነው።

ምን ይደረግ?

ትልልቅ ኩባንያዎች የራሳቸው ባለሙያ አላቸው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው ግን ቤት ለሚያሠራው፣ አነስተኛ ወርክሾፕ ላለው፣ በተለይም በየአካባቢው መስጊድ ለሚያሠሩ ኮሚቴዎች ነው። ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የሚሠራ መስጊድ ወጪው እንዲቀንስ ሲባል የጀማዓው ወጣቶች በነፃ ጉልበታቸው ሲያግዙ እናያለን። ነይታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ ተሸክሞ የማያውቅን ተማሪ በማይረባ መወጣጫ ላይ ወደ ሚናራው ማውጣት ለገንዘቡ የተሰጠንን አማና ጠብቀን ለነፍሱ የተሰጠንን አማና መዘንጋት ይሆናል።

አንደኛ፣ ዋጋ በሚቆረጥበት ዕለት የመወጣጫው፣ የመከለያውና የጉድጓድ ድጋፉ ወጪ በውሉ ውስጥ ለብቻው ይጻፍ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ኮንትራክተር ዋጋውን ያሳነሰው ከምን ቀንሶ እንደሆነ ይጠየቅ። ያልተከፈለበት መከለያ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፎርማኑ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ለአምስት ደቂቃ ያነጋግር። «ዛሬ ምን እንሠራለን? ሰው ሊጎዳ የሚችለው የት ላይ ነው? ምን አዘጋጅተናል?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በቂ ናቸው። ፎርማኑ ብቻውን አይናገር፤ ሠራተኞቹን ይጠይቅ። ከገጠር ለመጣው አዲስ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናትም ከአንድ ልምድ ካለው ሠራተኛ ጋር ይመደብ።

ሦስተኛ፣ ለጥቂት የታለፈ አደጋ እንደ ትልቅ ዜና ይታይ። ሃይንሪክ ከላይ በተጠቀሰው መጽሐፉ ለአንድ ከባድ ጉዳት 29 ቀላል ጉዳቶችና 300 ጉዳት ያላደረሱ አደጋዎች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ቁጥሩ ለየሥራው ሁሉ ይሠራል ማለት ባይቻልም፣ ማንንም ሳይመታ የወደቀ ብሎኬት ነገ የሚመታውን እንደሚያመለክት ለመረዳት ሊቅነት አይጠይቅም። እንዲህ ያለውን ነገር የተናገረ ሠራተኛ ይመስገን እንጂ አይቀጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተናገረው ነገር በማግስቱ ተስተካክሎ ይቆየው። ሁለት ጊዜ ተናግሮ የሚሰማው ያጣ ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይናገርም።

አራተኛ፣ አለቃው ይቅደም። ባለቤቱም፣ መሐንዲሱም፣ የኮሚቴው ሊቀመንበርም ወደ ሥራው ቦታ ሲገቡ ሄልሜት ያድርጉ። ሠራተኛውን ሲያገኙትም «የት ደረሰ?» ከማለታቸው በፊት «የሚያሰጋህ ነገር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

አምስተኛ፣ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ይዘጋጅ፤ ለማሰር የሚጠፋው ጊዜም በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። ጥንቃቄ ሠራተኛውን ከኪሱ የሚያስከፍለው ከሆነ ሊዘልቅበት አይችልም።

ሠራተኛ ወንድሞችና እህቶችም ድርሻ አላችሁ። የተሰጣችሁን መሣሪያ ተጠቀሙበት፤ ለጓደኛችሁ ዓይን ሁኑት፤ ያያችሁትን ጉድለት ብቻችሁን ከምትናገሩ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ተናገሩ። በተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ ልሥራ ማለት ስንፍና አይደለም፤ ፈሪም አያሰኝም።

በአጠቃላይ ጥንቃቄ ከሥራው አደረጃጀት የሚወለድ ልማድ ነው። ቦታው ሲስተካከል፣ አከፋፈሉ ፍትሐዊ ሲሆን፣ የሠራተኛው ቃል ሲሰማ «ተጠንቀቅ» የሚለው ምክር ሰሚ ያገኛል። እነዚህ ሳይሟሉ የሚሰጥ ምክር ግን ወድቆ ለሚሞተው ሰው አስቀድሞ የተጻፈ ወቀሳ ነው። የሠራተኛን ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንድንከፍል መታዘዛችንን ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዙን ተቀብሎ በሁለት እግሩ ወደ ልጆቹ እንዲመለስ ማድረግም የዚያው ሐቅ አካል መሆኑን አንዘንጋ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።